እንዴት ከረምክ?

ስድስት ኪሎ፣ የእግረኛው መንገድ ዳር፣ ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። ሚዛኑ በአንድ ወቅት ነጭ የነበረ፣ መስተዋቱ ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ ነው። ልጁ ከሥሩ ካርቶን ያነጥፍለታል፤ ካርቶኑን ዝናብ ሲመታው ሚዛኑ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። አምስት ብር ሰጥተህ ትወጣለህ፤ መርፌው ይንቀጠቀጥና ይረጋል፤ ልጁ አጎንብሶ ያነብልሃል። ባለፈው ሐምሌ አሥራ ሁለት ቀን ሳላቋርጥ ወጣሁበት። በአሥራ ሦስተኛው ቀን አምስት ብሬን ስዘረጋለት እጁን ሰበሰበ።

«ጋሼ፣ ትናንትም 88፣ ከትናንት ወዲያም 88። ለምን ብርዎን ይጨርሳሉ?»

ደንበኛውን የሚያባርር ነጋዴ አይቼ አላውቅም ነበር። ያም ሆኖ ብሩን አስጨብጬው ወጣሁ። 88።

ነገሩ የጀመረው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ለጉልበቴ ብዬ የሄድኩበት ክሊኒክ ውስጥ ሐኪሙ ዕድሜዬንና ቦርጬን አይቶ «የሦስት ወር ስኳር» የሚባለውን ምርመራ አዘዘልኝ። ውጤቱ 6.3 በመቶ ሆነ። ከ5.7 በታች የጤነኛ ነው፤ 6.5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ስኳር በሽታ ይባላል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ተገኘሁ። ገና አልገባሁም፤ ጫማዬን ግን እያወለቅሁ ነው።

መድኃኒት አልሰጠኝም። «በየቀኑ ይራመዱ፤ ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጡ፤ እንጀራውን ቀንሰው ጎመኑንና ምስሩን ይጨምሩ፤ ከሦስት ወር በኋላ ይምጡ» አለኝ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የከበደኝ መራመዱ አልነበረም፤ መራራው ሻይም አልነበረም። የከበደችኝ «ከሦስት ወር በኋላ» የምትለዋ ናት።

የመጀመሪያው ሳምንት አታለለኝ። ከ90 ኪሎ ወደ 88 ወረድኩ። ሰውነት ስኳርን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ሲያከማች ለእያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ አብሮ ያስቀምጣል። ምግብ ስትቀንስ መጀመሪያ የሚራገፈው ይህ ጎተራ ነው፤ ውሃውም ተከትሎት ይወጣል። እኔ «ስብ ቀለጠ» ብዬ በልጆቼ ፊት ቀበቶዬን አንድ ቀዳዳ ሳጠብቅ፣ የወጣው አብዛኛው ውሃ ነበር። ጎተራው ካለቀ በኋላ መርፌው ቆመ። እኔ ግን በሁለት ኪሎው ደስታ ሰክሬ ስለነበር፣ የቆመው መርፌ የተከዳሁ ያህል ተሰማኝ።

በዚያ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ከሚዛኑ ወርጄ ሽቅብ ስራመድ ያሰብኩት ስለ ክብደት አልነበረም። ስለ አማርኛ ነበር።

አማርኛ ጊዜን በግስ ይቆጥራል። ቀኑ ያለፈበት ሰው ዋለ፤ ምሽቱ ያለፈበት አመሸ፤ ሌሊቱ ያለፈበት አደረ። ቀናት ተጠራቅመው ሰንበት ሲነካቸው ሰነበተ ይሆናል። ክረምት ሲወጣ ከረመ፤ በጋ ሲወጣ ባጀ። ከሁሉም በላይ፣ ሁሉንም ጠቅልሎ፣ ኖረ አለ። ሰላምታችንም በዚሁ ልክ የተሰፋ ነው። ማታ የተለየኸውን ባልንጀራ በማግስቱ ጠዋት «እንዴት ከረምክ?» ብትለው ወይ ይስቅብሃል፣ ወይ «ያምሃል እንዴ?» ይልሃል። ከግንቦት ጀምሮ ያላየኸውን ሰው በመስከረም አግኝተህ «እንዴት ዋልክ?» ብለህ ብታልፈው ደግሞ ይቀየምሃል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ጊዜው አለው። ጊዜው ሳይደርስ የተጠየቀ ሰው የሚመልሰው ነገር የለውም፤ ስለሌለው ዝም ይላል፤ ዝምታውን እኛ እንደ እምቢታ እንቆጥረዋለን።

እኔ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ሰውነቴን «እንዴት ዋልክ?» ስለው ነበር የሰነበትኩት።

ሰውነት ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ግስ አይናገርም። ጠዋት በባዶ ሆድ ጣት ተወግቶ የሚታየው ስኳር «እንዴት አደርክ?» ሲባል ይመልሳል፤ የትናንት ማታውን ራት ሳያፍር ይናገራል። ሲጋራ ያቆመ ሰው ደም ውስጥ ያለው የከሰል ጭስ መርዝም እንደዚሁ ነው፤ አድሮ ይቀንሳል። የደም ግፊት «እንዴት ሰነበትክ?» የሚባል ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ በታተመው «ዳሽ» የተባለ ጥናት፣ አትክልትና ፍራፍሬ በብዛት፣ ቅባት በጥቂቱ የበሉ ሰዎች ግፊታቸው የወረደው በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። የሦስት ወሩ ስኳር ግን ስሙ ራሱ ይነግርሃል። እሱ ክረምቱ ካልወጣ አፉን አይከፍትም።

ለምን እንደማይከፍት ማወቅ ለእኔ ከማበረታቻ ንግግር ሁሉ በልጦ ጠቅሞኛል። ቀይ የደም ሴል ዕድሜው 120 ቀን ገደማ ነው። በደም ውስጥ ሲዞር ካገኘው ስኳር ጥቂቱ ይጣበቅበታል፤ አንዴ ከተጣበቀ እስኪሞት አይለቀውም። ምርመራው የሚለካው ስኳር የተጣበቀበትን ድርሻ ነው። እንግዲህ አስበው። ሐምሌ ላይ ያለ ስኳር ሻይ እየጠጣሁ፣ በደም ሥሬ ውስጥ የግንቦቱን ኬክና የሰርግ ቤቱን ለስላሳ የሚያስታውሱ ሴሎች በሚሊዮንና በቢሊዮን ይዞሩ ነበር። ውሸታሞች አይደሉም። ስለ ሌላ ሰው ነው የሚመሰክሩት፤ ስለ ግንቦቱ እኔ። እነሱ ሞተው እስኪያልቁ ድረስ የሐምሌው እኔ ሙሉ ምስክር አይኖረውም። በዚያው ልክ ደግሞ መቅኔዬ በሴኮንድ ሁለት ሚሊዮን ያህል አዲስ ሴል እያመረተ ነበር። እኔ ሚዛኑ ላይ ቆሜ «ምንም የለም» ስል፣ ልጁ አጎንብሶ 88ን አንብቦ ቀና እስኪል፣ ግንቦትን ያላዩ አሥር ሚሊዮን ሴሎች ወደ ደሜ ገብተዋል። ሥራው ቆሞ አያውቅም። የቆመው የኔ መርፌ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ከተረት ጋር። እንደኔ ያለውን ሰው «እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል» የማይለው የለም። እህቴ ብላኛለች፣ ጎረቤቴ ብሎኛል፣ የደም ናሙና የወሰደችልኝ ልጅ ሳትቀር ብላኛለች። ተረቱ እንቁላሉን አሞግሶ ዶሮዋን ይረሳታል። አያቴ ዶሮ ስታስታቅፍ እንቅብ ውስጥ ጭድ አንጥፋ፣ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በከሰል ምልክት ታደርግባቸው ነበር፤ ሌላ ዶሮ መጥታ አዲስ ብትጥልበት እንዲለይ። ከዚያ ሃያ አንድ ቀን ነው። ዶሮዋ ለጥሬና ለውሃ ጥቂት ደቂቃ ትነሳለች፤ ተመልሳ እንቁላሎቹን በምንቃሯ ታገላብጥና ትቀመጥባቸዋለች። የሚታይ ነገር የለም። በሃያኛው ቀን ያለው እንቁላል ከመጀመሪያው ቀን እንቁላል በዓይን አይለይም። እኔ ሰባት ወይም ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ትዕግሥት አጥቼ ክንፏን ከፍ እያደረግሁ አይ ነበር። አያቴ አንድ ቀን ያዘችኝ። «ተዋት!» አለች፤ «ባየኸው ቁጥር እያቀዘቀዝከው ነው።»

ሃያ አንድ ቀንን ካነሳን አይቀር፣ «አዲስ ልማድ በሃያ አንድ ቀን ይያዛል» የሚባለውንም ሰምተህ ይሆናል። እኔም አምኜው ነበር። ሥሩን ስፈልግ የደረስኩት ማክስዌል ማልትዝ የተባለ አሜሪካዊ የፊት ቀዶ ጥገና ሐኪም ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አፍንጫቸው የተስተካከለላቸው ሰዎች አዲሱን መልካቸውን በመስተዋት ለመልመድ ቢያንስ ሃያ አንድ ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው ጻፈ። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ «ቢያንስ» ተንጠባጥባ ቀረች፤ አፍንጫውም ቀረ፤ ቁጥሩ ብቻ ሕግ ሆኖ ተረፈ። የዶሮዋ ሃያ አንድ ቀን እውነት ነው። የኛው ከአፍንጫ የተዋስነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጥናት 96 ሰዎችን ተከታትሎ፣ አንድ ነገር ሳያስቡት የሚሠሩት ለመሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚወስድ አገኘ። ከሰው ሰው ያለው ልዩነት ግን ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን ይደርሳል። 254 ቀን ማለት ክረምት ከርመህ በጋውንም ባጅተህ ነው።

እንግዲህ ከረምኩ። ከፒያሳ የሽሮ ሜዳን ታክሲ ይዤ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ እወርዳለሁ፤ የቀረውን በእግሬ። የአዲስ አበባን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጃንጥላው ከላይ ቢከልልህ መኪናው ከጎን ጭቃ ይረጭሃል። መራመዱን ወደድኩት ብዬ አልዋሽም። «ውጤቱን ተወው፣ ጉዞውን ውደደው» የሚሉ መካሪዎች አሉ፤ ሐምሌ ላይ በእግራቸው የሄዱ አይመስለኝም። ሰው የማይወደውንም ነገር ይሠራል። እናቶቻችን ሌሊት ተነስተው ሲፈጩ ወፍጮውን ወደውት አልነበረም። ስለ ምግቡም ቢሆን ያው ነው። «ሆዳደር» በኛ አገር የፖለቲካ ስድብ ነው፤ እኔ ላይ ግን የላቦራቶሪ ውጤት ሆነ። ለሆዴ ነበር ያደርኩት፤ ከዚያ ቤት ደግሞ በአንድ ቀን ለቅቆ አይወጣም።

በመካከሉ ፍልሰታ ገባ። አሥራ አምስቱ ቀን ስለ መጠበቅ አንድ ነገር አሳየኝ፤ አሳፈረኝም። እኔ ያለ ስኳር ሻይ ጠጥቼ ሦስት ቀን ሳይሞላኝ «ምን ለውጥ አመጣ?» የምል ሰው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ፍልሰታን ስጾም አንድም ቀን «እስካሁን ምን አገኘሁ?» ብዬ አላውቅም። ማንም አይልም። በነሐሴ 9 ቀን ቆሞ የጾሙን ውጤት በሚዛን የሚያይ ሰው ቢገኝ እንደ እብድ ነው የሚታየው። የጎረቤት ሕፃናት ሳይቀሩ እስከ ቅዳሴ መውጫ ሲጾሙ ማንም ማበረታቻ አይነግራቸውም። የሁዳዴ 55 ቀንም፣ የሙስሊም ጎረቤቶቼ የረመዳን ወርም እንደዚያው ነው። ለምን? አንደኛ ነገር ብቻህን አይደለህም፤ አገሩ በሙሉ ካንተ ጋር ይጾማል፤ ሥጋ ቤቱ ራሱ ይዘጋል። ደግሞም ቀኑ የታወቀ ነው፤ መግቢያውም መውጫውም ካንተ በፊት ተቆርጧል። ከሁሉ የበለጠው ግን ጾም ላይ ጥያቄው የሚጠየቀው በሌላ አቅጣጫ መሆኑ ነው። ጾሙ ምን ሰጠኝ አትልም። ጾምኩ ወይስ አልጾምኩም ትላለህ። ያንን ደግሞ በየማታው ትመልሰዋለህ፤ ሦስት ወር አያስጠብቅም።

ጾሙን ግን አላመልከውም። የጾም ማዕድ ለስኳር ሰው ወጥመድ ነው። ቀኑን ሙሉ ጾመህ ከዋልክ በኋላ ፓስታው፣ ድንቹ፣ ዳቦው፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ ይሰለፋሉ። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንዲጾም ማንም ሊመክረው አይገባም። እኔ ከፍልሰታ የተዋስኩት የጥያቄውን አቅጣጫ ብቻ ነው። ከነሐሴ ጀምሮ ሚዛን ላይ መውጣት ትቼ ማታ ማታ አንድ ነገር ራሴን እጠይቃለሁ፤ ዛሬ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወርጃለሁ? ወርጃለሁ። በቃ፣ ያ ቀን ሒሳቡ ተዘጋ።

መስከረም 1 ቀን ግን ሒሳቡ አልተዘጋም። እህቴ ቤት ድፎ ዳቦው ገና ኮባው ላይ ይጨሳል፤ ዶሮው ከነእንቁላሉ ቀርቧል፤ ጠላው አለ፤ ጠጁ አለ። ምን ያህል እንደበላሁ አልነግርህም። በማግስቱ ጠዋት ከቅንጬው ፊት ተቀምጬ «ፈሷል፤ የፈሰሰ ውሃ ደግሞ አይታፈስም» አልኩ። እንዲህ የሚያሰኘው ጸጸት መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ጸጸት አልነበረም፤ ዕረፍት ፍለጋ ነበር። ሁሉም ከፈሰሰ ነገ ዝናብ ውስጥ መራመድ አያስፈልግማ! ያ የለንደኑ ጥናት ሌላም ነገር አግኝቷል። አንድ ቀን የዘለለ ሰው ልማዱ አልፈረሰበትም፤ የዘለለው ቀን ከጠቅላላው አካሄድ ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላደረሰም። የኔም ደም ቢሆን ከ120 ቀን ውስጥ አንዱን ቀን አይቶ አይፈርድም። ቅንጬዬን በልቼ ወጣሁ።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። እስካሁን ያወራሁት ቢዘገይም ስለሚታይ ውጤት ነው። ከረመ፣ ከዚያም ታየ። ኖሮም የማይታየውስ?

በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ዳቺንግ የምትባል የነዳጅ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1986 በዚያች ከተማ በ33 ክሊኒኮች፣ ስኳራቸው እንደኔው በሩ ላይ የቆመ 577 ሰዎች ጥናት ውስጥ ገቡ። ከፊሎቹ እንደወትሮአቸው ቀጠሉ፤ ሌሎቹ ለ6 ዓመት ምግባቸውን እንዲያስተካክሉ፣ እንቅስቃሴ እንዲጨምሩ፣ ወይም ሁለቱንም እንዲያደርጉ ተደረገ። ከዚያ ተመራማሪዎቹ ቁጭ ብለው ጠበቁ። በ20ኛው ዓመት ሲታይ፣ ከተለወጡት መካከል በስኳር በሽታ የተያዙት ያነሱ ነበሩ፤ በልብና በደም ሥር በሽታ በሞቱት ቁጥር ላይ ግን እርግጥ የሚባል ልዩነት ገና አልወጣም። ልዩነቱ ጥርት ብሎ የታየው በ23ኛው ዓመት ነው። በ30ኛው ዓመት ሲቆጠር፣ የስኳር በሽታው መግቢያ በአማካይ አራት ዓመት ገደማ ተገፍቶ ተገኘ።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቀጥሎ ደነገጥሁ። ከነዚያ ሰዎች መካከል አንዱን ሽማግሌ አስበው። ልቡ አልቆመም። አልቆመም እንጂ ለምን እንዳልቆመ አያውቅም። መራመዱ አድኖት ይሆናል፤ ባይራመድም ላይቆም ይችል ነበር። ተመራማሪዎቹም አያውቁም። እነሱ የሚያውቁት ከብዙ መቶ ሰው መካከል ይህን ያህሉ መትረፉን ነው፤ የተረፈው ማን እንደሆነ ግን አንድም መዝገብ ላይ አልተጻፈም። የጤና ትልቁ ውጤት ለሕዝብ እንጂ ለሰው አይታይም። ሽማግሌው በሠላሳኛው ዓመት ጠዋት ተነስቶ ጫማውን ያስራል፤ የተሰጠውን ስጦታ ሳያየው ይሞታል። ሚዛኑ ላይ አሥራ ሁለት ቀን የወጣው ሰው የሚፈልገው ደመወዝ ይህ ከሆነ፣ ማንም አይከፍለውም።

ይህ ሐሳብ ለጥቂት ቀን አሰነፈኝ። ከስንፍናው ያወጣኝ የግቢያችን ዘበኛ ነው።

ዕድሜው ከስድሳ በላይ ነው፤ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዱላውን አጠገቡ አስደግፎ፣ ትንሽ ሬዲዮ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያድራል። በመስከረም አጋማሽ የግቢው ነዋሪዎች ስብሰባ ነበረን። አንድ ጎረቤታችን ተነስቶ «ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሌባ እንኳ አልመጣም፤ ለምን ይህን ያህል እንከፍለዋለን? ደሞዙ ይቀነስ» አለ። ጥቂት ሰው ሳቀ፤ ጥቂት ሰው ደግሞ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እኔም ልስቅ ስል ሳቄ አፌ ውስጥ ቀረ። ሐምሌ ላይ ሚዛኑ ላይ ቆሜ ሰውነቴን ያልኩት ቃል በቃል ይህንኑ ነበር።

«ጠበቀ» የሚለው ግሳችን ሁለት ቤት ያገለግላል። አውቶቡስ የሚጠብቅም ጠበቀ ይባላል፤ ግቢ የሚጠብቅም ጠበቀ ይባላል። የመጀመሪያው እንዲመጣ ነው የሚጠብቀው፤ ሁለተኛው እንዳይመጣ። የመጀመሪያው መንገዱን እያየ ሰዓቱን ይቆጥራል፤ በዘገየበት ቁጥር ይናደዳል፤ በመጨረሻም ተስፋ ቆርጦ በእግሩ ሊሄድ ይችላል። ሁለተኛው የሚናደድበት መዘግየት የለውም። ምንም ሳይመጣ ቢነጋ ሥራው ተሠርቷል። በማግስቱ ጠዋት ስወጣ «አባባ፣ ሌሊቱ እንዴት ነበር?» አልኩት። «ምን ይኖራል፤ በሰላም አደርን» አለኝ፤ ሬዲዮውን እየዘጋ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ሲለኝ ከሰላምታ ቆጥሬው አልፌ ነበር። ለካ የሥራ ሪፖርት ነው።

የሐኪሙን ቀጠሮ እንደ አውቶቡስ ስጠብቀው ነበር የከረምኩት። መጨረሻው ሲቃረብ ግን እንደ ግቢ ልጠብቀው ሞከርኩ። ሁልጊዜ ይሳካልኛል አልልም፤ አንዳንድ ቀን አሁንም መንገዱን አያለሁ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ሄድኩ። ሐኪሙ ኮምፒውተሩን እየከፈተ «እንዴት ከረሙ?» አለኝ፤ ለሁሉም እንደሚለው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። 6.1 ነበር። ከ6.3 ወደ 6.1 መውረድ በልኬቱ መዋዠቅ ብቻም ሊመጣ እንደሚችል ሳልጠይቀው ነገረኝ፤ ስለ ነገረኝም አከበርኩት። «አቅጣጫው ግን ጥሩ ነው፤ ይቀጥሉ» አለኝ። ክብደቴን የነርሷ ሚዛን 86 አለው።

ባለ ሚዛኑን ልጅ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም፤ ቦታው ላይ አሁን ሌላ ልጅ ሶፍትና ማስቲካ ይሸጣል። ስብሰባው ላይ የዘበኛችን ደሞዝ እንዳይቀነስ እጄን አውጥቻለሁ፤ አልተቀነሰም። የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ታኅሣሥ 23 ነው።